አኩፓንክቸር የሚሠራላችሁ ሰው ፈቃዱን ከየት አመጣው?

አኩፓንክቸር፣ ማለትም በሰውነት ላይ በተለዩ ነጥቦች ቀጭን መርፌ እየወጉ የማከም ዘዴ፣ የሚሠራበት ክፍል ግድግዳው አብዛኛውን ጊዜ ባዶ አይሆንም። በፍሬም የተሰቀለ ወረቀት ይደረደርበታል። ቀይ ማኅተም አለው፣ የወርቅ ጠርዝ አለው፣ አንዳንዱ ላይ የቻይንኛ ጽሑፍ አለበት። ታካሚው ቀና ብሎ ያያል፣ «የተማረ ሰው ነው» ይላል፣ አልጋው ላይ ይወጣል። ከወረቀቶቹ አንዱ ግን የአራት ዓመት ትምህርት ማስረጃ፣ ሁለተኛው የቅዳሜና እሁድ ኮርስ፣ ሦስተኛው ደግሞ መዋጮ ለከፈለ ሁሉ የሚሰጥ የማኅበር አባልነት ሊሆን ይችላል። ከሩቅ ሲታዩ ሁሉም እኩል ያምራሉ።

ልዩነታቸውን ለማወቅ የሕክምና ሰው መሆን አያስፈልግም። ወረቀቱን ማን ሰጠው? ምን አይቶ ሰጠው? ሰውየው ቢያጠፋስ ማን ይነጥቀዋል? ከሦስቱ ጥያቄዎች እኔ የምመርጠው የመጨረሻውን ነው። ለምን እንደሆነ ወደፊት ግልጽ ይሆናል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ዲፕሎማ፣ የብቃት ማረጋገጫ፣ ፈቃድ

ዲፕሎማ ወይም ዲግሪ ትምህርት ቤት የሚሰጠው ነው። «ይህ ሰው እኛ ጋ ተምሮ ጨርሷል» ይላል፤ ከዚያ የዘለለ ነገር አይናገርም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱን ራሱን ማን አየው የሚለው ጥያቄ ይከተላል። ሥርዓቱ በደንብ በተዘረጋባቸው አገሮች ትምህርት ቤቶችን እየዞረ የሚመረምር፣ ዕውቅና የሚሰጥና የሚከለክል ሌላ አካል አለ። ዕውቅና ከሌለው ትምህርት ቤት የተገኘ ዲፕሎማ ለፈተና እንኳ ላያስቀምጥ ይችላል።

የብቃት ማረጋገጫ የሚመጣው ከፈተና ነው። ፈታኙ ያስተማረው ትምህርት ቤት ሳይሆን ከውጭ ያለ አካል መሆን አለበት። ያስተማረ ሰው የራሱን ተማሪ መጣል ይከብደዋልና።

ፈቃድ ከሁለቱም ይለያል። የሚሰጠው መንግሥት ወይም በሕግ ሥልጣን የተሰጠው ቦርድ ነው። ያለ እሱ መሥራት ወንጀል ይሆናል። ጊዜው ሲያልቅ ይታደሳል፣ ባለቤቱ ቅሬታ ሲቀርብበት ይመረመራል፣ ጥፋቱ ከባድ ከሆነ ፈቃዱ ይሰረዛል። ዲግሪ ግን አንዴ ከተሰጠ ባለቤቱ መቶ ሰው ቢጎዳም ግድግዳው ላይ ይኖራል። ለዚህ ነው «ማን ይነጥቀዋል?» የሚለውን የምመርጠው። መልስ ካለው፣ ከሰውየው ጀርባ የሚጠይቀው አካል አለ ማለት ነው። መልስ ከሌለው፣ ታካሚው ብቻውን ነው።

መርፌ ምን ያህል ያስፈራል?

አንዳንዱ ሰው «ቀጭን መርፌ ነው፣ መድኃኒት የለው፣ ይህን ያህል ምን ትምህርት ያስፈልገዋል?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የአኩፓንክቸር መርፌ ድፍን ነው፤ ውፍረቱም ብዙ ጊዜ ከሩብ ሚሊሜትር ብዙ አይርቅም። አብዛኛው ሰው ሲወጋ ብዙም አይሰማውም።

አደጋው ያለው መርፌው የሚገባበት ቦታ ላይ ነው። አንገትና ትከሻ የሚገናኙበት ጡንቻ ላይ ጂያንጂንግ የሚባል ነጥብ አለ። ለአንገት ሕመምና ለራስ ምታት ብዙ ጊዜ ይወጋል። ከሥሩ ግን የሳንባ ጫፍ አለ። ቀጭን ሰው ላይ ሩቅ አይደለም። መርፌው ጠልቆ ሳንባውን ከነካው በደረት ውስጥ አየር ይገባና ሳንባው ይኮማተራል። ሰውየው ከክፍሉ ደህና ወጥቶ ከሰዓታት በኋላ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። ሠልጣኝ በየትኛው አቅጣጫ፣ ምን ያህል ጥልቀት መውጋት እንዳለበት እስኪለምድ በባለሙያ ዓይን ሥር የሚቆየው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው አደጋ ንጽሕና ነው። አንድ መርፌ ለብዙ ሰው ሲወጋ በደም የሚተላለፍ በሽታ ይዞ ይሄዳል። በተለያዩ አገሮች የጉበት በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይተስ ቢ በዚህ መንገድ ተዛምቶ ያውቃል። አሜሪካ ውስጥ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑ በ1996 የአኩፓንክቸር መርፌን ከሙከራ ዕቃነት አውጥቶ በቁጥጥር ሥር ካሉት የሕክምና መሣሪያዎች ተራ ሲያስገባው ቅድመ ሁኔታ አስቀምጧል። መርፌው ከጀርም የጸዳ ይሁን፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ ያገልግል፣ ብቁ ባለሙያም ይጠቀምበት የሚል ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ለማስፈራራት አይደለም። በሠለጠነ እጅ አደጋው ትንሽ ነው። በጀርመን በ2009 የታተመ ጥናት 229,230 ታካሚዎችን ተከታትሎ ነበር። 8.6 ከመቶ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ የጎንዮሽ ችግር ገጥሞናል አሉ። አብዛኛው ትንሽ መድማትና መበለዝ ነው። ሳንባው የተነካ ግን ሁለት ሰው ብቻ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም፤ የወጉት ሁሉ በአኩፓንክቸር የሠለጠኑ ሐኪሞች ነበሩ። ቁጥሩ ስለ መርፌው ብቻ የሚናገር አይደለም። ስለ ወጊዎቹም ይናገራል።

ሠልጣኙ ምን ይማራል?

ባህላዊው ትምህርት በነጥቦች ይጀምራል። የዓለም ጤና ድርጅት የምዕራብ ፓስፊክ ቢሮ በ2008 ያወጣው መለኪያ የ361 ነጥቦችን ቦታ አንድ በአንድ ያስቀምጣል። ከዚያ በፊት ቻይናዊው፣ ጃፓናዊውና ኮሪያዊው በአንዳንድ ነጥቦች ቦታ ላይ አይስማሙም ነበር። ተማሪው ነጥቦቹን፣ የሚያገናኟቸውን መስመሮች፣ ምላስ አይቶና የልብ ምት ዳስሶ የሚደረገውን ምርመራ፣ ሞክሳ የሚባለውን ቅጠል አቃጥሎ ማሞቅን ይማራል።

ከዚህ ጎን ለጎን ዘመናዊው ሕክምና አለ። የሰውነት አቀማመጥ፣ የአካል ክፍሎች አሠራር፣ የበሽታ ባሕርይ፣ የመድኃኒቶች ጸባይ። በእኔ እምነት ከሁሉም የሚበልጠው «ይህ ሰው የእኔ አይደለም» ማለትን መማር ነው። ለወገብ ሕመም መጥቶ ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው ሰው ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት እንጂ መርፌ አይጠብቅም። ለራስ ምታት መጥቶ ንግግሩ የተኮላተፈበትም እንዲሁ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ በልቧ ማሽን የተተከለላት፤ ለእያንዳንዳቸው ጥንቃቄው ለየብቻ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው እጁ የቱንም ያህል ቀላል ቢሆን አደገኛ ነው።

የቀረው ልምምድ ነው። መጀመሪያ ቆሞ ማየት፣ ቀጥሎ ማገዝ፣ በመጨረሻ ራሱ መርምሮ መውጋት፤ ከጎኑ ግን ተቆጣጣሪ አለ። የመጽሐፍ ትምህርት በኢንተርኔት ሊሰጥ ይችላል። ይህኛው ግን አይቻልም። «በኦንላይን ብቻ ሠልጥናችሁ ባለሙያ ትሆናላችሁ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ዝለሉት።

መፈተን ራሱ የቆየ ነገር ነው። በቻይና የሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ በ1027 ገደማ፣ ዋንግ ዌይዪ የተባለ የቤተ መንግሥት ሐኪም በሰው ልክ ሁለት የነሐስ ምስሎች አሠርቶ ነበር። ነጥቦቹ በቀዳዳ ተሠርተዋል። እንደሚተረከው ለፈተና ጊዜ ምስሉ ላዩ በሰም ይሸፈናል፣ ውስጡ ፈሳሽ ይሞላል። ተማሪው ነጥቡን ካገኘ ፈሳሹ ይወጣል። ከሳተ መርፌው አይገባም። አድልዎ የሌለበት ፈታኝ ነው።

የአሜሪካው መንገድ

አሜሪካ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሥርዓቱ ንብርብር ስለሆነ ሦስቱም ወረቀቶች ለየብቻ ይታያሉ።

ነገሩ የተጀመረው በጋዜጠኛ ነው ቢባል ብዙ አያጋንንም። የኒው ዮርክ ታይምሱ ጄምስ ሬስተን በ1971 ቤጂንግ ሳለ ትርፍ አንጀቱ ታመመ፤ እዚያው ተቀዶ ወጣለት። ቀዶ ሕክምናው የተሠራው በተለመደው ማደንዘዣ ነበር። ከዚያ በኋላ ለመጣበት የሆድ መነፋትና ሕመም ግን በመርፌ ታከመ፤ ይህንኑም ጻፈ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በማግሥቱ ዓመት ቻይናን ሲጎበኙ ፍላጎቱ ጨመረ። ሰዉ መርፌ ፈለገ፣ ሕጉ ግን ስለ መርፌ የሚለው አልነበረውም። ኔቫዳ በ1973 ፈር ቀዳጅ ሆና ሕግ አወጣች። ሌሎቹ ግዛቶች አንድ በአንድ ተከተሉ።

ዛሬ በአብዛኞቹ ግዛቶች መንገዱ ይህን ይመስላል። ተማሪው መጀመሪያ ዕውቅና ወዳለው ትምህርት ቤት ይገባል። በዘርፉ ዕውቅና የሚሰጠው ኮሚሽን ለአኩፓንክቸር ማስተርስ ያስቀመጠው ዝቅተኛ መጠን ሦስት የትምህርት ዓመት፣ 1,905 ሰዓት ሲሆን ከዚህ 660ው ክሊኒክ ውስጥ የሚያልፍ ነው። የቻይና ዕፅዋት ሕክምና ከተጨመረበት አራት ዓመትና 2,625 ሰዓት ይሆናል። ለብቻው የሚሰጥ የንጹሕ መርፌ አያያዝ ኮርስና ፈተናም አለ። ከዚያ ብሔራዊው ፈተና ይመጣል። የሚያዘጋጀው በ1982 የተቋቋመውና ለዓመታት ኤንሲሲኤኦኤም በሚል አጠራር የሚታወቀው አካል ነው። የምሥራቁ ሕክምና መሠረት፣ ነጥቦችና አወጋግ፣ ዘመናዊ ሕክምና፤ ሁሉም ለየብቻ ይፈተናሉ።

ይህን ሁሉ ያለፈ ሰው ገና ፈቃድ የለውም። ወረቀቱን ይዞ ወደ ግዛቱ ቦርድ ይሄዳል። ፈቃድ ሰጪው ቦርዱ ነው፤ የሚነጥቀውም እሱ ነው። ስለዚህ «ብሔራዊ ምስክር ወረቀት አለኝ» የሚል ሰው እውነቱን ነው፣ ግን በዚያ ግዛት መሥራት ይችላል ማለት አይደለም። አንድ ግዛት ላይ የተገኘ ፈቃድም ሌላው ላይ በቀጥታ አይሠራም፤ በዚህ ከመንጃ ፈቃድ ይለያል።

ካሊፎርኒያ ሁልጊዜም የራሷን መንገድ ትመርጣለች። የራሷ ቦርድና የራሷ የፈቃድ ፈተና አላት። የምትጠይቀውም ቢያንስ 3,000 ሰዓት ነው፤ 2,050 ክፍል ውስጥ፣ 950 ክሊኒክ ውስጥ። ፈቃድ ካገኙ በኋላም በየሁለት ዓመቱ የ50 ሰዓት ተጨማሪ ትምህርት አለ።

ሌላው ዓለም

ቻይና ውስጥ ዋናው መንገድ የአምስት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት፣ የአንድ ዓመት የሥራ ልምምድ፣ ከዚያ ብሔራዊ የሐኪምነት ፈተና ነው። ይሁንና ከአባቱ ወይም ከመምህሩ እግር ሥር ሆኖ የተማረ ብዙ ሰው አለ። በ2017 ሥራ ላይ የዋለው የባህላዊ ሕክምና ሕግ ለእነዚህ በር ከፈተ። ቢያንስ ሁለት ባለሙያ ሐኪሞች ሲመሰክሩላቸውና የአካባቢው መንግሥት ሙያቸውን ሲገመግም፣ በተፈቀደላቸው ዘርፍ ብቻ መሥራት ይችላሉ።

በጃፓን ቢያንስ ሦስት ዓመት ተምሮ ብሔራዊ ፈተና መውሰድ ግድ ነው። የመርፌው ፈቃድና የሞክሳው ፈቃድ ለየብቻ ናቸው። እዚያ ዓይነ ስውራን በሙያው ረጅም ታሪክ አላቸው። በ17ኛው መቶ ዘመን የኖረው ዓይነ ስውሩ ሱጊያማ ዋይቺ መርፌው በቀጭን ቱቦ ውስጥ አልፎ እንዲገባ የሚያደርገውን ዘዴ አስተዋወቀ። ዛሬ በብዙ አገር መርፌዎች ከነቱቦአቸው የሚታሸጉት ከዚያ ዘዴ የተነሣ ነው። ኮሪያ ደግሞ ከሁሉም ታጠብቃለች፤ የኮሪያ ባህላዊ ሕክምና ሐኪም ለመሆን ስድስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ መማርና ብሔራዊ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል።

ፈረንሳይ ከሌላ አቅጣጫ መጣች። መርፌውን የሕክምና ሥራ ብላ ለሐኪሞች፣ ለአዋላጆችና ለጥርስ ሐኪሞች ብቻ ሰጠችው። ሐኪም ያልሆነ ሰው የቱንም ያህል ዓመት ቢማር በሕጉ ፊት አይቆጠርለትም። በጀርመን ሁለት በር አለ። ሐኪሙ የ200 ሰዓት ሥልጠና ወስዶ ተጨማሪ የሙያ ማዕረግ ያገኛል። ሐኪም ያልሆነው ደግሞ በ1939 በወጣ ሕግ መሠረት በጤና ቢሮ ተፈትኖ የተፈጥሮ ሕክምና ሰጪ መሆን ይችላል። የሚገርመው ያ ፈተና የሚመዝነው ሰውየው በሕዝብ ጤና ላይ አደጋ አለመሆኑን ነው። አኩፓንክቸር መቻል አለመቻሉን አይጠይቅም።

ብሪታንያ ላይ የሚደነቅ ሰው ይኖራል። ማንም ሰው ራሱን አኩፓንክቸሪስት ብሎ ቢጠራ የሚከለክለው ሕግ የለም። በብዙ አካባቢ የወረዳው ምክር ቤት ቤቱንና ሰውየውን ይመዘግባል፤ የሚያየው ግን ንጽሕናውን ነው። የሚመዘገበውም ንቅሳት ከሚነቅሱና ጆሮ ከሚበሱ ሰዎች ጋር በአንድ ሕግ ነው። ክፍተቱን የሞሉት በፈቃደኝነት የተቋቋሙ ማኅበራት ናቸው። ትልቁ፣ የብሪታንያ አኩፓንክቸር ካውንስል፣ አባሎቹ ቢያንስ ሦስት ዓመት በዲግሪ ደረጃ እንዲማሩ ይጠይቃል። ያጠፋ አባል ከመዝገቡ ሊሰረዝ ይችላል፤ ግን ተሰርዞም መሥራቱን ቢቀጥል ሕግ አይዘውም።

አውስትራሊያ በተቃራኒው በሐምሌ 2012 አገር አቀፍ ምዝገባ ጀመረች። «አኩፓንክቸሪስት» የሚለው ስም በሕግ የተጠበቀ ነው። ሳይመዘገብ ራሱን እንዲያ የሚጠራ ሰው ይቀጣል። መዝገቡ ኢንተርኔት ላይ ለማንም ክፍት ነው፤ ስም ጽፎ ማየት ነው። ኒው ዚላንድም በ2021 የቻይና ሕክምና ምክር ቤት አቋቁማ ተከትላለች።

ሐኪምና ፊዚዮቴራፒስት ሲወጋ

አሁን ወደ ጭቅጭቁ እንምጣ። በብዙ አገር ሐኪም አጭር ሥልጠና ወስዶ መርፌ ይወጋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 ባወጣው መመሪያ ለሙያቸው ማገዣ ብቻ ለሚጠቀሙበት ሐኪሞች 200 ሰዓት አስቀምጧል። የአሜሪካ የሕክምና አኩፓንክቸር ቦርድ 300 ሰዓት ይጠይቃል። ሁለት ሺህ ሰዓት የተማረው አኩፓንክቸሪስት «ይሄማ ቀልድ ነው» ይላል። ሐኪሙ ደግሞ «የሰውነት አቀማመጥና በሽታ ለይቶ ማወቅን ዓመታት ተምሬያለሁ፣ ከዜሮ አልጀምርም» ይላል። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ የሚነጋገሩት ስለተለያየ ችሎታ ነው።

ይበልጥ የጦፈው «ድራይ ኒድሊንግ» በሚባለው ላይ ነው። ፊዚዮቴራፒስቶች ያንኑ ቀጭን መርፌ ይዘው የተቋጠረ ጡንቻ ይወጋሉ። አኩፓንክቸር አይደለም፣ የጡንቻ ሕክምና ነው ይላሉ። ሥልጠናው በአንዳንድ ቦታ ጥቂት ቅዳሜና እሁዶች ብቻ ነው። ክርክሩ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ድረስ ደርሷል፤ ግዛቶቹም አንድ አቋም የላቸውም። እኔ በስሙ ላይ የሚደረገው ጭቅጭቅ አይማርከኝም። ሳንባ መርፌው በየትኛው ስም እንደገባ አይለይም። የሚያስጨንቀኝ በሁለት ቅዳሜ ስንት ሰው ወግቶ መለማመድ ይቻላል የሚለው ነው።

ፈቃድ የማይናገረው

አንድ ነገር መታለፍ የለበትም። ፈቃድ ሕክምናው ይሠራል የሚል ማረጋገጫ አይደለም። ፈቃድ የሚለው ይህ ሰው የተወሰነ ነገር ተምሯል፣ ተፈትኗል፣ ተጠያቂም ነው ብቻ ነው።

ጀርመን ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች። በ2007 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት 1,162 የወገብ ሕመም ታካሚዎችን በሦስት ከፈለ። በትክክለኛው ነጥብ ከተወጉት 47.6 ከመቶ ተሻላቸው። ከነጥብ ውጭ፣ ለይስሙላ ከተወጉት 44.2 ከመቶ ተሻላቸው። የተለመደው ሕክምና ከተሰጣቸው 27.4 ከመቶ። መርፌ ከተለመደው ሕክምና በልጧል፣ ቦታው ግን ብዙም ለውጥ አላመጣም። በዚያው ዓመት የጀርመን የጤና መድን ለረጅም ጊዜ የወገብ ሕመምና ለጉልበት መገጣጠሚያ ችግር መክፈል ጀመረ። ለነጥብ ሽምደዳ ለሚውሉት ሰዓቶች ውጤቱ አይመችም። የሰውነት አቀማመጥ፣ የንጽሕናና «ሐኪም ጋ ሂድ» የማለት ትምህርት ግን በማንኛውም ውጤት ዋጋው አይቀንስም። ስለዚህ የአንድን ሰው ሥልጠና ስመዝን ከጠቅላላ ሰዓቱ በፊት እነዚህን ነው የምፈልገው።

«ዶክተር» በሚለው ማዕረግም አትደናገሩ። በአሜሪካ በአኩፓንክቸር የዶክትሬት ዲግሪ አለ፤ ያገኘው ሰው ተምሯል፣ ግን የሕክምና ሐኪም አይደለም። ካንሰር፣ መካንነትና የስኳር በሽታ አድናለሁ፣ መድኃኒትህን አቁም የሚል ከሆነ ደግሞ ፈቃድ ቢኖረውም ከፈቃዱ ወሰን ወጥቷል።

እንዴት ይጣራል?

ፈቃድ ባለበት አገር ሥራው ቀላል ነው። የፈቃድ ቁጥሩን ጠይቁ፤ በቦርዱ መዝገብ ላይ ፈልጉ። ጊዜው እንዳላለፈ፣ የተመዘገበ ቅጣት እንዳለና እንደሌለ ብዙዎቹ መዝገቦች ያሳያሉ። ሕጋዊ ባለሙያ ቁጥሩን ሲጠየቅ አይከፋውም። የሚከፋው ካለ፣ እሱም መልስ ነው።

ፈቃድ በሌለበት አገር የምትተማመኑት በጥያቄ ነው። የት ተማርክ? ትምህርት ቤቱን ማን ያውቀዋል? በተቆጣጣሪ ሥር ስንት ሰዓት ሠራህ? የየትኛው ማኅበር አባል ነህ፣ ማኅበሩስ ቅሬታ ይቀበላል? የጉዳት መድን አለህ? ከመወጋታችሁ በፊት ስለምትወስዱት መድኃኒት፣ ስለ እርግዝና፣ ስለ ልብና ስለ ደም ሕመም ባለሙያው ካልጠየቃችሁ፣ ያልተጠየቃችሁት ያልተማረው ነው። መርፌው ከታሸገበት ፓኬት እናንተ እያያችሁ መውጣት አለበት፤ ሲያልቅም ለስለታማ ዕቃ በተዘጋጀው ጠንካራ ሣጥን ውስጥ መጣል አለበት። ይህን ለማየት ደግሞ የግድግዳውን ወረቀት ማንበብ አያስፈልግም።